ሁለተኛውስ የት አለ?

ቡሬ ላይ ሰርግ ሦስት ጊዜ ይደገሳል፤ አንዴ ለእንግዳ፣ አንዴ ለካሜራ፣ ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ ደግሞ አንዴ ለሽማግሌ። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዳስ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ዶሮ ይገነጠላል። ሁለተኛውም አዲስ ነገር አይደለም፤ ካሜራማኑ «ብርሃኑ አልያዘልኝም፣ እስኪ እንደገና ግቡ» ሲል ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ወጥቶ፣ ያበደው ሆታ ከመጀመሪያው ተጀምሮ፣ እንደ አዲስ ይገባል። የእኛ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቪዲዮ ቤቱ ደጅ ይሰየማሉ። ከሳሽ ሙሽራ፣ ተከሳሽ ኤዲተር፣ ኤግዚቢት መዳፍ የምታክል ጥቁር ኤክስተርናል።

«እስኪ ተናገር ልጄ፣ ምን አገኘህ?»

«ሃርድ ዲስኩ ከዳኝ አባቴ።»

«መቼ ነበር ቃል የገባልህ?»

ልጁ ዝም አለ። ዝም ያላለችው የሙሽራዋ እናት ናት። ከወንዶቹ ጀርባ ሆና፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በአንዲት ጥያቄ ችሎቱን በተነችው፤ «ሁለተኛውስ የት አለ?»

«ሁለተኛው ምን፣ እማየ?»

«ሁለተኛው ቅጂ ነዋ። ልጄን ሁለት ጊዜ አልዳርም።»

እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ። ሃርድ ዲስክ ለማንም ቃል ገብቶ አያውቅም፤ አይከዳምም። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ፤ በተንቀሳቃሾቹ ዲስኮች ውስጥ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ናት። እንዲህ ዓይነቱን ስስ ፍጡር እየሠራ እያለ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ኬብሉን ለድመት አንጠልጥለው፣ ዱብ ሲል «ከዳኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ወዳጄ፣ ጭንቅላቱ ሳህኑን የላጨው በክህደት አይደለም፤ በአልጋህ ቁመት ነው።

«ታዲያ ላፕቶፑ ውስጥ ለምን አላስቀመጥኸውም?»

«ላፕቶፑ 256 ጊጋ ነው። ግማሹን ዊንዶውስና ፕሪሚየር ይዞታል።»

«ግማሹንስ?»

«የኳስ ጌም።»

ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ሒሳቡን እንያዝለት፤ ልጁ ኤክስተርናል የገዛው ለጌጥ አይደለም። በ4ኬ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት እየጻፈ የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋ ሆነ። ይህ ድሮኑን ሳይጨምር ነው። መልሱንና ቅልቅሉን ሳይጨምር ነው። ሞቅ ሲለው ካሜራ ነጥቆ የራሱን ጫማ ሃያ ደቂቃ የቀረጸውን ሚዜም ሳይጨምር ነው። አምስት ሰርግ ከተገኘ 2.7 ቴራ ገደማ ሞላ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ኤክስተርናል።

አምስት ሰርግ ደግሞ ይገኛል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳም ሆነ በሽንዲ፣ ጥር ሲገባ ጥሩንባው እረፍት የለውም። ከዚያ ሁዳዴ ይመጣና ሁሉንም በአንድ ቀን ይዘጋዋል። ስለዚህ በጥር የተቀረጸው የሚቆረጠው በጾም ነው። ሕዝቡ 55 ቀን ሽሮና ጎመን ሲበላ ኤዲተሩ ከጧት እስከ ማታ ጥሬ ሥጋ ፊቱ ተዘርግቶ፣ ቢላዋው እያብለጨለጨ፣ አዋዜው እየተጠቀሰ ይውላል። አንዱ ኤዲተር ተጨንቆ መርጌታውን ጠየቀ አሉ።

«መርጌታ፣ ጾም ላይ ቁርጥ በስክሪን ሳይ ብውል ይገድፋል?»

«ማየቱስ አይገድፍም ልጄ። ስሎሞሽን ማድረግህ ነው ያጠራጠረኝ።»

ጭንቁ የሚመጣው ዲስኩ ሲሞላ ነው። አዲሱ ሙሽራ ቀብድ ይዞ ደጅ ቆሟል፤ ዊንዶውስ ላይ ያቺ ሰማያዊ መስመር ቀይ ሆናለች። ልጁ ያስባል፣ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ታች ያያል፣ በመጨረሻ የአምናውን ሙሽራ ያጠፋዋል። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ንብረት ክፍፍል የሚፈርስ ትዳር ቡሬ ላይ ይኼ ብቻ ነው።

«የአምናው ሙሽራ ቢመጣብህስ?»

«እሱማ ዲቪዲውን ወስዷል።»

«የሙሽራው ላፕቶፕ ዲቪዲ ያጫውታል?»

«ዲቪዲማ መጋረጃው ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ እያባረረ ነው አሉ።»

ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው። ከ540 ውስጥ 4.7 ሰጥቶ «አስረክቤያለሁ» ማለት ይቻላል፤ ሙሽራው ከስምንት መቶ እንግዳ ሰባቱን ብቻ አብልቶ «ድግሱ አለቀ» ቢል ግን አማቶቹ ምን እንደሚሉ እናውቃለን።

ወደ ገበያ እንውጣ። አንዱ የገዛውን ኤክስተርናል በወረቀት ጠቅልሎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

«1 ቴራ ብለህ ሸጥህልኝ፤ ኮምፒውተሩ 931 ነው የሚለው። 69 ጊጋዬን ማን በላው?»

«አልበላሁም ወንድሜ።»

«አፍህን ክፈት።»

ለአንድ ቀን ከነጋዴው ጋር ልቁም፤ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። ማንም አልበላውም። ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል። በሻጭ ቁና ወጥቶ በገዢ ቁና የተሰፈረ በርበሬ ማለት ነው፤ ክምሩ ያው ነው፣ ቁናው ነው የሚለያየው። ይህን የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ሊያስረዳን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን ኮምፒውተር ሲሆን ሒሳብ እንረሳለን።

የሚበላው ሌባ ሌላ ነው። ጥፍር የምታክል ፍላሽ ናት፤ ላይዋ ላይ «2 ቴራ» ተጽፏል፣ ዋጋዋ የአንድ ጫማ ነው።

«በዚህ ዋጋ 2 ቴራ?»

«ለአንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ለራስህ ለምን አላስቀረኻትም? ዋስትናስ አላት?»

«አላት እንጂ፤ ከደጃፌ እስክትወጣ።»

እንዲህ ነው የምትሠራው፤ ውስጧ ያለው ቦታ ምናልባት 32 ወይም 64 ጊጋ ነው፤ የምትቆጣጠራት ቺፕ ግን ለኮምፒውተሩ «2 ቴራ ነኝ» እያለች እንድትዋሽ ተደርጋለች። ስትገለብጥባት ትቀበላለች፤ እምቢ ማለት አታውቅም። እውነተኛው ቦታዋ ሲያልቅ አዲሱን በአሮጌው ላይ ትደርበዋለች ወይም ዝም ብላ ትጥለዋለች። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ ሲከፈት ግን ሙሽሪት የለችም። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዳር እስከ ዳር ይሞላታል፣ መልሶ ያነባታል፣ ከዚያ ይመሰክርባታል። ሰዓታት ይፈጃል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ነጋዴው ቡና ካላፈላ ራሱ ማስረጃ ነው።

የኬብሉን ነገርማ በአጭሩ ልለፈው። 540 ጊጋውን በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ካስተላለፍኸው ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅብሃል። በዩኤስቢ 3፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ፣ ያው ሃርድ ዲስክ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጨርሳል። ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፤ የሚሽከረከር ሳህን ስለሌለውም የአልጋ ቁመት ብዙ አያስፈራውም። ልዩነቱ የቅንጦት አይደለም። ቡሬ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ መብራት አይሄድም ብሎ የሚምል ሰው ካለ ያምጡልኝና አብሬው ሎተሪ ልቁረጥ።

መብራቱ ከሄደ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄም አንድ ነው።

«ኮፒ ነበር ያደረግኸው ወይስ ከት?»

«ከት።»

«በል እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ጥራ።»

ከሚሞሪ ላይ ከት የሚያደርግ ሰው፣ ሠርገኛው ገና መንገድ ላይ እያለ ዳሱን የሚያፈርስ ሰው ነው። ኮፒ አድርግ፤ ክፈተው፤ መሐሉንም መጨረሻውንም እያዘለልህ እይ፤ ከዚያ ሚሞሪውን አጽዳ። «ጊዜ የለኝም» የምትለኝ ከሆነ ሽማግሌ ፊት ለመቀመጥ ጊዜ ከየት እንደምታመጣ ንገረኝ።

ኮምፒውተርም ቢሆን በትህትናችን ይጫወትብናል። ዲስኩ አንድ ቀን ሳይነበብ ይቀርና ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ፎርማት ላድርገው ወይ? ልጁ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ «እሺ» ማለት ከቤቱ ተምሯል። እሺ አለ። አምስት ሰከንድ አልፈጀም፤ አምስት ሰርግ ሄደ።

እዚህ ጋ ተረቡን አንድ አፍታ ላቁመው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ከዚህ በኋላ ነው። ፈጣኑ ፎርማት አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ሳይሆን የፋይሉን ማውጫ ነው የሚያጠፋው። ምንም አዲስ ነገር ካልጻፍህበት እንደ ሬኩቫና ፎቶሬክ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ብዙውን ሊመልሱልህ ይችላሉ፤ የሚመለሰው ግን ወደ ሌላ ዲስክ እንጂ ወደዚያው አይደለም። ወድቆ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ምንም ፕሮግራም አትሞክርበት፤ ንቀለው። በሰካኸው ቁጥር ሳህኑ ይፋቃል። «አንዴ ብቻ ልሞክረው» የሚለው ሰው ነው ሊድን የሚችለውን የሚቀብረው። ማኅደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ትናንሽ ሾርትከት ሆነው ካገኘኻቸውም አታልቅስ፤ የፍላሽ ቫይረስ ነው። ፋይልህን አልበላውም፣ ደብቆታል። ቫይረሱ ይጸዳል፣ የተደበቀውም ይገለጣል። ፎርማት የሚያደርጉት ግን ብዙ ናቸው፤ ሌባ ቤት ገባ ብሎ ቤቱን የሚያቃጥል አልሰማሁም፣ ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ በቀር።

አንድ ትንሽ ነገርም ላክል። «ዲስኩ ባዶ ነው፣ ፋይሉ ግን አልገባ አለኝ» የሚል ሙግት በየሳምንቱ አለ። ዲስኩ በፋት32 የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ገና ባዶ እያለ ወደ ኤክስፋት ይቀየር፤ ሙግቱ አለቀ።

አሁን ወደ መርጌታው እንመለስ፤ ልጃቸውን ድረው ቪዲዮውን ሊቀበሉ ሲመጡ ኤዲተሩ አንገቱን ደፍቶ አገኙት። መርጌታ ዋሸራ ቅኔ የዘረፉ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ቃል መወራወር ለእኔም አይመከርም።

«ወደቀ ነው የምትለኝ?»

«አዎ መርጌታ። ወድቆ ተበላሸ።»

«የእኛ መጽሐፍ ሲወድቅ አንስተን እንስመዋለን። የእናንተ ሲወድቅ ትቀብሩታላችሁ?»

«ዘመኑ ነው መርጌታ።»

«ብራናው ሦስት መቶ ዓመት ተነበበ፤ የዘመኑ ሦስት ዓመት አልሞላም። እንግዲህ ማን ነው ኋላ ቀሩ?»

ልጁ ጠፋበት። እኔ ልርዳው ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ ብራናም ቢሆን የዳነው በቆዳው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፣ በመገልበጡ ነው አልኳቸው። ተአምረ ማርያም በአንድ ደብር ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ በአንድ እሳት ያልቅ ነበር፤ የየደብሩ ጸሐፊ ስለገለበጠው ግን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም። በቅርቡ ዘመንም ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ባለ የመነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። አዲስ አበባ ያለው ቢጠፋ ሚኒሶታ አለ፣ ሚኒሶታ ቢቃጠል አዲስ አበባ አለ። መርጌታ በጥሞና ሰሙኝና ጭራቸውን አንዴ ነሰነሱ።

«ይኼን ሁሉ ካወቃችሁ፣ የልጄን ሰርግ ማን ገለበጠው?»

አይመከርም ብያችሁ ነበር።

ዘመኑን መክሰስም ብዙ አያዋጣም፤ ዘመኑ እንዲያውም ቸር ሆኖልናል። በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ሃምሳ ሳህን ነበረው፣ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፣ የሚይዘው ግን 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ያቺ 5 ሜጋ የሙሽሪትን አንድ ፎቶ ትይዛለች፤ ሙሽራው ጎን ከቆመ አይገባም። እኛ ሁለት ቴራ በሸሚዝ ኪስ ይዘን እየዞርን «ቦታ ጠበበን» እንላለን።

ዲስኩ ግን ሟች ነው፤ ባክብሌዝ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከእጅግ ብዙ ዲስኮቹ ስንቱ እንደሚሞት እየቆጠረ በየጊዜው ያወጣል፤ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከመቶ ዲስክ አንድ ተኩል ያህሉ ይሞታል። ትንሽ ነው አትበለኝ። የእነሱ ዲስክ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ተተክሎ፣ ሳይነቀነቅ፣ መብራት ሳይሄድበት የሚኖር ነው። የአንተ በባጃጅ ይሄዳል፣ ከበርበሬ ጆንያ ጎን ያድራል። ለነገሩ አብዛኛው ሃርድ ዲስክ የምትተነፍስበት፣ ማጣሪያ ያላት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በርበሬ በሚደለዝበት ቤት ስታስቀምጠው ቢያስነጥስ አትደንግጥ።

አሜሪካ ሆና ቪዲዮውን የምትጠብቀው የሙሽራው እህትስ? የእሷን ነገር አልረሳሁም፤ ብረሳም በሌሊት ደውላ ታስታውሰኛለች።

«ሙሉውን በቴሌግራም ጣልልኝ።»

«እታለም፣ ቴሌግራም በነፃ የሚቀበለው እስከ 2 ጊጋ ነው። ይሄ 540 ነው።»

«እሺ ኢንተርኔት ላይ ስቀለው።»

በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ቢያልፍ፣ ቀንና ሌሊት ሳይተኛ፣ 540 ጊጋ ለመስቀል ድፍን 10 ቀን ያስፈልጋል። ይህ መስመሩ ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ሰርጉ አልቆመም፤ ሃርድ ዲስክ ነበር መንገደኛው። አስቡት፤ 2 ቴራ ዲስክ በቡሬ መናኸሪያ ተሳፍሮ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአሥር ሰዓት ቢጨርስ በሰከንድ 444 ሜጋቢት ተላከ ማለት ነው። ከዚህ አውቶቡስ የሚፈጥን መስመር ያለው ሰው እጁን ያውጣ።

ረዳቱ ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል ያዘው።

«ይኼ ዕቃ ምንድን ነው?»

«ሰርግ ነው።»

«ስንት ሰው?»

«ስምንት መቶ።»

«የስምንት መቶ ሰው ክፈላ!»

አውቶቡሱ ፈጣን ነው፣ አስተማማኝ ግን አይደለም፤ ስለዚህ የሚሳፈረው ሁሌም ቅጂው እንጂ ዋናው አይሁን። «እኔኮ አውቀዋለሁ ሹፌሩን» ትለኛለህ። ሹፌሩን ታውቀዋለህ፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ኪስ ግን አታውቀውም።

«እነ ሆሊውድ እንዲህ አይቸገሩም» የሚል ኤዲተር አጋጥሞኛል። ተቸግረዋል እንጂ! በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ እያለ አንድ ሰው በስህተት የሰጠው ትእዛዝ የፊልሙን ብዙውን ክፍል ከኮምፒውተራቸው አጠፋው። መጠባበቂያ ቅጂያቸውን ሲከፍቱት ደግሞ በትክክል ሲሠራ እንዳልነበር ታወቀ፤ ከፍቶ ያየው አልነበረም። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ባለሙያ ያዳነችው ጌሊን ሱስማን የምትባል የሥራ ኃላፊ ናት። ወልዳ ስለነበር ከቤት ሆና እንድትሠራ የፊልሙን ቅጂ ቤቷ አስቀምጣ ነበር። ኮምፒውተሯን ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መኪና ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው አመጡት። የካሊፎርኒያውን ስቱዲዮ አራስ ቤት አዳነው።

«እኔ አላገባሁም፤ አራስ ከየት ላምጣ?» አለኝ ልጁ።

«እናት የለህም?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው አንዱ ዲስክ እናትህ ሳጥን ውስጥ ይግባ።»

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ ያንኑ ነው የሚለው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የቤት ኤዲተር አቅሙ ሲፈቅድ የሚቆርጥበትን በኤስኤስዲ ላይ ያድርግ፤ የሚያስቀምጠውን በሁለት ርካሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጥ። ኤስኤስዲውን ለዓመታት ሳይሰካ ማኅደር አያድርገው፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ብዙ ከቆየ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ላፕቶፑ 4ኬውን ተሸክሞ ካነከሰ ደግሞ ፕሮክሲ ይሥራለት፤ ሲቆርጥ በቀላሏ ቅጂ ይቆርጣል፣ ሲያወጣ በዋናው ያወጣል። በዚህ መንገድ ተራ ሃርድ ዲስክም ሥራውን ይወጣል። «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው» ማለት ለዘገየ ሰርግ ምክንያት ይሆናል፤ ለጠፋ ሰርግ አይሆንም።

ሽማግሌዎቹም ፈረዱ። ሙሽራው የቀረውን ክፍያ እንዳይከፍል፣ ልጁ ከእንግዶች ስልክ የተገኘውን ሁሉ ለቅሞ አንድ ሰዓት ቪዲዮ እንዲሠራ፣ ጥቁሯ ኤክስተርናልም ከዚህ በኋላ የሰው ትዳር ብቻዋን እንዳትሸከም። ይግባኝ የጠየቀችው እናትየዋ ብቻ ናት፤ በስልኩ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ሰው አለ፣ እሷ ግን ወጥ ቤት ነበረች።

የመጪው ጥር ሙሽሮች ሆይ፣ ቀብድ ስትከፍሉ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ በውሉ ላይ አስጽፉት፤ ገንዘቡን ከኬኩ ቀንሱ፣ ኬኩን የሚያስታውሰው የለም። ሥራው ሲያልቅ አንዱ ቪዲዮ ቤት ይቅር፣ ሌላውን ለአማታችሁ ስጡ። አማት የተቀበለችውን አትጥልም፣ ለማንም አታውስም፣ በየዓመቱም አስሰክታ ማን ሳይጨፍር እንደዋለ ታረጋግጣለች። እናንተም ኤዲተሮች፣ ሁለቱ ቅጂ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ እባካችሁ ሚሞሪውን አታጽዱ።